የጓሮ ሥራ ሽርጥ በቤታችን እንስፋ

ጓሮ የምትሠሩ አንባብያን፥ እስቲ የሥራ ልብሳችሁን ተመልከቱት። ቶሎ ያለቀው የቱ ጋ ነው? ጉልበቱ ላይ ነው። ቀጥሎ ደግሞ እጃችንን የምንጠርግበት ጭኑ ላይ ነው። ትከሻው ገና ደህና የሆነ ቀሚስ፥ ጉልበቱ በጭቃና በውሃ አልቆ ይጣላል። ልብስ ደግሞ ውድ ነው። አንድ የሥራ ቀሚስ ብቻ ላላት ሴት፥ አንድ የሥራ ሱሪ ብቻ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መላው ሽርጥ ነው። ሽርጥ ከልብስ በላይ የሚታሠር ጨርቅ ነው። አፈሩን፥ ጭቃውን፥ የቲማቲም ቅጠል የሚተወውን አረንጓዴ ቀለም ሽርጡ ይቀበላል፤ ቀሚሳችን ይተርፋል። ሽርጥን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሥጋ ቤት የሚሠራው ይታጠቀዋል፤ ሻይ ቤት የምትሠራዋም ትታጠቀዋለች። የጓሮ ሽርጥ ግን ከእነዚህ ይለያል። እንዴት እንደሚለይ እኛም አናውቅም ነበር። ያወቅነው አንዱን አበላሽተን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። እማማ እንላቸዋለን። ከቤታቸው ጀርባ ያለችው መሬት ከአንድ ክፍል ቤት አትበልጥም። ግን ጎመኑም፥ ቆስጣውም፥ ካሮቱም፥ ቃሪያውም ከእሷ ይወጣል። ዳር ዳሩን ጤና አዳምና በሶብላ አለ። እማማ የጎመን ዘር ገዝተው አያውቁም። በየዓመቱ ከሐበሻ ጎመናቸው ምርጡን ሳይቆርጡ ይተዉታል። አብቦ፥ ፍሬ ይዞ ሲደርቅ ያራግፉታል። ግማሹ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ግማሹ፥ ፍሬው ሞላ ሞላ ያለው፥ በጨርቅ ተቋጥሮ ለዘር ይቀመጣል።

በ2016 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሽርጥ ሰፍተን ሰጠናቸው። አምሮ ነበር። ካኪ ጨርቅ፥ ደረቱ ላይ ሰፊ ኪስ፥ አንገት ላይ የሚጠለቅ ማንገቻ። እማማ ለብሰውት ቆሙ። እኛም "እንዴት ያምራል!" አልን። መርቀውን ወደ ጓሮ ገቡ። የዘራቸውን ቋጠሮ ፈተው፥ ዘሩን ደረት ኪሱ ውስጥ ጨመሩት። እንዲህ ኪስ ካለ ጨርቅ ምን ያደርጋል ብለው ነው።

ከዚያ ጎንበስ አሉ።

የጎመን ዘር ጥቃቅን ነው፤ ክብ ነው፤ ይንከባለላል። ከበርሜል ውሃ ሊቀዱ ጎንበስ ሲሉ ፈሰሰ። ድንጋይ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ደግሞ ፈሰሰ። መደቡ ጋ ደርሰው እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ቢከቱ፥ የቀረው አንድ ቁንጥር አይሞላም። የዓመት ዘር ነበር።

በማግሥቱ ጠሩን። "ልጆቼ፥ ይሄ ኪስ ነው ወንፊት?" አሉን።

አፍረን ዝም አልን። እሳቸው ግን አልተቆጡም። "ቆሜ ነው'ኮ የለካችሁኝ። እኔ የምሠራው ጎንብሼ ነው" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሻይ ቤት ያለው ሰው ቆሞ ይሠራል፤ ሽርጡም ቆሞ ይለካል። ጓሮ ያለው ሰው ግን ያጎነብሳል፥ ይንበረከካል፥ ቁጢጥ ይላል፥ እንደገና ይነሣል። ስለዚህ የጓሮ ሽርጥ የሚለካው ጎንብሶና ቁጢጥ ብሎ ነው። ሁለተኛውን ሽርጥ እንዲህ አድርገን ሰፋነው። እናንተም እንዳትሳሳቱ አሠራሩን እንነግራችኋለን። እኛ ልብስ ሰፊዎች አይደለንም። መርፌ የያዘ ሰው ሁሉ ይችለዋል።

መጀመሪያ ጨርቁ። ወፍራም ጥጥ ይሻላል። ካኪ ጥሩ ነው። ካኪ የሚለው ስም ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም አፈር የሚመስል ማለት ነው። ለጓሮ ከዚህ የሚስማማ ስም ከየት ይገኛል? ካኪ ከሌለ አሮጌ የጂንስ ሱሪ ተፈትቶ፥ ወይም አሮጌ ወፍራም መጋረጃ ይሆናል። ናይለን አይመከርም፤ ይሞቃል፥ ማሠሪያውም ይሟልጫል። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ከረጢት ግን ቢታጠብም ለሽርጥ አይሁን። መርዙ ከልብሳችን ወደ ቆዳችን ያልፋል።

ጨርቁን ከመቁረጣችን በፊት እንንከረው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር፤ በማግሥቱ ይድረቅ። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል። የፊተኛውን ሽርጥ ሳንነክር ሰፍተነው፥ አንዴ ቢታጠብ ሦስት ጣት ያህል አጠረ።

ቀጥሎ መለኪያው። ሰፊዎች የሚይዙት የጨርቅ ሜትር ሁለት ገጽ አለው። በአንዱ ገጽ ቁጥሩ እስከ 150 ይሄዳል፤ ይህ ሳንቲም ነው። በሌላው ገጽ እስከ 60 ይሄዳል፤ ይህ ኢንች ነው። አንድ ኢንች ሁለት ሳንቲም ተኩል ያህል ነው። ቁጥር ገና የምንለምድ ሰዎች እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። በአንዱ ገጽ ለክተን በሌላው ከቆረጥን ጨርቁ ጠፋ ማለት ነው። እኛ የምንጽፈው ሁሉ በሳንቲም ነው።

ለእማማ የገዛነው ካኪ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፥ ወርዱ 90 ሳንቲም ነው። ከዚህ ላይ ቁመቱ 80፥ ወርዱ 70 የሆነ አንድ ትልቅ ቁራጭ በጠመኔ አሠመርን። ይህ የሽርጡ አካል ነው። ላይኛው ጫፍ ላይ መሐሉን 28 ሳንቲም ለደረት ተውን። በግራና በቀኝ 21፥ 21 ሳንቲም ተረፈ። ከዚያ ወደ ታች 25 ሳንቲም ለክተን፥ ጥግ ጥጉን እንደ ብብት ጎበጥ አድርገን ቆረጥነው። እነዚያን ሁለት ቁራጮች አትጣሏቸው፤ ኋላ ይፈለጋሉ።

ቁመቱን ያገኘነው እንዴት ነው? እማማን "እስቲ ቁጢጥ ይበሉልን" አልናቸው። ጨርቁን ደረታቸው ላይ ይዘን ለቀቅነው። ከጉልበታቸው አራት ጣት ወርዶ ሲቀር፥ እዚያ ላይ ምልክት አደረግን። የፊተኛው እስከ ቅልጥማቸው ይደርስ ነበር። ቁጢጥ ብለው ሲነሡ ጫፉን ረግጠው ሊወድቁ ደርሰው ነበር። ይህን የነገሩን ኋላ ነው። ለረጅም ሰው 80 ያንሳል፤ ለአጭር ይበዛል። ቁጥራችንን ሳይሆን አለካካችንን ውሰዱ።

ደግሞ የታችኛውን ጫፍ መሐሉን 20 ሳንቲም ወደ ላይ ሰነጠቅነው። ያኔ ሽርጡ በሁለቱ ጉልበቶች ላይ ለየብቻ ይወርዳል። ሰው ሲንበረከክ አይወጠርም። የስንጥቁ ጫፍ ወደ ላይ እንዳይቀደድ፥ ካስቀመጥነው ቁራጭ ትንሽ ጨርቅ ከኋላው ደግፈን ሰፋነው።

ዙሪያው ይቀመቀማል። ጫፉን 1 ሳንቲም እናጥፋለን፤ እንደገና 1 ሳንቲም ተኩል እናጥፋለን፤ በካውያ እንጫነዋለን፤ እስፒል እንሰካለን፤ እንሰፋለን። ካውያ ከሌለ ጥፍርም ይበቃል። ክሩን እጥፍ አድርጉት። በጧፍ ሰም ላይ አንዴ ሳብ ካደረጋችሁት አይቋጠርም፥ ቶሎም አይበጠስም። ይህን ያሳየን አንድ ጫማ ሰፊ ነው።

ስፌቱ ወደፊት ብቻ የሚሄድ አይሁን። መርፌው አንድ እርምጃ ይሄዳል፥ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፥ እንደገና ይሄዳል። ጊዜ ይወስዳል። ግን ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ የቀረው አይፈታም። መኪና ያለው ሰው በመኪና ይስፋ፤ ቶሎ ያልቃል። እኛ በእጅ ሰፍተን ሦስት ማታ ፈጀብን።

አሁን ማንገቻው። አንገት ላይ የሚጠለቅ ማንገቻ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ደህና ነው። ጎንበስ ሲባልና ኪሱ ሲሞላ ግን ማጅራት ይጎትታል። ስለዚህ ሁለት ማንገቻ አደረግን። ከጎን ከተረፈው 20 ሳንቲም ወርድ ላይ፥ ወርዳቸው 8፥ ርዝመታቸው 80 የሆኑ ሁለት ጥብጣቦች ወጡ። ግራና ቀኙን 1 ሳንቲም ወደ ውስጥ አጥፈን፥ መሐሉ ላይ ደግመን አጥፈን ስንሰፋው 3 ሳንቲም ይሆናል። አንደኛው ከቀኝ ደረት ተነሥቶ በትከሻ ያልፍና ጀርባ ላይ ተሻግሮ ግራ ወገብ ላይ ይሰፋል። ሁለተኛውም እንዲሁ በተቃራኒው። ጀርባ ላይ ይጠላለፋሉ። ክብደቱ ትከሻ ላይ ያርፋል። ከመስፋታችሁ በፊት ግን በእስፒል ያዙና ሰውየውን አስጎንብሱት። ቆሞ የላላው ጎንብሶ ይጠብቃል። ከታች ከተረፈው ጨርቅ ደግሞ 90 በ8 የሆነ ጥብጣብ ቆርጠን ለሁለት ከፈልነው፤ ወገብ ላይ ለማሠር።

ወደ ኪሱ እንምጣ። ጥፋታችን የነበረው እዚህ ነው።

ደረት ላይ ኪስ አይኑር። ጎንበስ ሲባል አፉ ወደ መሬት ይዞራል። ኪሱ ከወገብ በታች፥ ጭን ላይ ይሁን። ሰው ከወገቡ ቢያጎነብስም ከወገብ በታች ያለው ጨርቅ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። ኪሱን ወርዱን 46፥ ቁመቱን 27 አድርገን ቆረጥን። መጀመሪያ አፉን ቀመቀምን። ከዚያ ጎንና ጎኑን፥ ታቹንም አጥፈን ከሽርጡ ጋር ሰፋነው። መሐሉን ከላይ እስከ ታች አንድ መሥመር ስንሰፋ ሁለት ኪስ ሆነ። አንዱ ክፍት ነው፤ ለሲባጎ፥ ለመቀስ፥ ለትንሽ መኮትኮቻ። ሌላው ለዘር ነው፤ እሱ ክዳን አለው። ለክዳኑ 24 በ16 የሆነ ቁራጭ ለሁለት ታጥፎ ተሰፋ። ቁልፍ ተተከለለት። የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት ላልለመደ ሰው አስቸጋሪ ነው፤ እኛ በምትኩ ከወፍራም ክር ቀለበት አበጀን። ቁጢጥ ሲባል ኪሱ ይተኛል፤ ክዳኑ ግን ዘሩን ይይዛል።

ከሁሉ በፊት የሚቀደደው የኪስ ጥግ ነው። እጅ በገባና በወጣ ቁጥር የሚሳበው እሱ ነውና። ይህ የዛሬ ችግር አይደለም። በአሜሪካ ሀገር፥ ሬኖ በምትባል ከተማ፥ ጄኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። አንዲት ሴት መጥታ ለባሏ የማይቀደድ የሥራ ሱሪ ስፋልኝ አለችው። ሰውየው የጉልበት ሠራተኛ ነበር። ዴቪስ የፈረስ ልብስ ላይ የሚመታትን ትንሽ የመዳብ ምስማር አነሣና የሱሪው ኪስ ጥግ ላይ መታት። ኪሱ መቀደዱን ተወ። ዴቪስ ሊቫይ ስትራውስ ከሚባል የጨርቅ ነጋዴ ጋር ሆኖ፥ በፈረንጆች 1873 ለዚህ ብልሃት የባለቤትነት መብት አገኘ። ዛሬ የጂንስ ሱሪ ኪስ ጥግ ላይ የምናያት ክብ ብረት እሷ ናት። መዳብ የሌለን ሰዎች ጥጉን ሰባት ስምንት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እንሰፋዋለን። ከኋላውም ካስቀመጥናቸው ቁራጮች ትንሽ ጨርቅ እንደግፋለን። እስከ ዛሬ አልተቀደደም።

ዘሩንም ልቅ አድርጎ ኪስ ውስጥ መጨመር ቀረ። በወረቀት ተጠቅልሎ ስሙ ይጻፍበታል። የሐበሻ ጎመን፥ የጥቅል ጎመንና የሰናፍጭ ዘር በዓይን አይለይም፤ ሁሉም ጥቃቅንና ክብ ናቸው። እማማ ስሙን ራሳቸው ይጽፋሉ። "ጎመን፥ ካሮት፥ ቆስጣ፥ ቃሪያ፤ ሁሉም ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው፤ ምን ይከብዳል?" ይላሉ።

ስለ አጠባው አንድ ነገር። ሽርጡ ጓሮ ውሎ ወደ ማድ ቤት አይግባ፤ በር ላይ ይንጠልጠል። ከሕፃን ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ። የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ደግሞ በዚህ ሽርጥ አይተማመን። ጥጥ ይመጠዋል እንጂ አይከላከልም።

የዚያ ዓመት ዘርስ ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። እማማ ለምጣድ ማሰሻ ካስቀመጡት ቀንሰው ዘሩ። ፍሬው ቀጠን ያለ ነበር፤ ቢሆንም በቀለ። የፈሰሰውም በርሜሉ ሥር፥ መተላለፊያው ላይ፥ የማንም እግር በሚረግጠው ቦታ በቀለ። የተረፈውን ነቅለው ወደ መደቡ አዛወሩት። ብዙው ግን ተረግጦ ጠፋ።

የፊተኛውን ሽርጥም አልጣልነውም። እማማ እንጀራ ሲጋግሩ ይታጠቁታል። የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው ከፍ ካለ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ቆመው ነው የሚጋግሩት።