የማታ ገበያና የመግቢያ መንገድ

የከተማ ገበያ በቀን ብርሃን ብቻ ተወስኖ የቀረ እንደ ሆነ፤ ቀኑን በሥራ የሚውል ሰው የሚሸምትበት ጊዜ አያገኝም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፤ በኮሪደር ልማት መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል፤ የሕዝብ ማመላለሻዎችም እስከ 4 ሰዓት እንዲሠሩ ወሰነ። ለፒያሳና ለአራት ኪሎ ነጋዴ፤ ከቢሮ ወጥቶ ለልጁ ጫማ ለሚገዛ አባት፤ ቡና እየጠጣ ከወዳጁ ጋራ ሊጨዋወት ለሚሻ ወጣትም ይህ መልካም ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ሰዓቱን ማስተዋል ይገባል። ሱቁ በ3 ሰዓት ተኩል ሲዘጋ፤ ሻጪቱ ሒሳብ አስረክባ፤ ዕቃ ሰብስባ፤ በር ቈልፋ ታክሲ ተራ እስክትደርስ ድረስ የቀራት ግማሽ ሰዓት ያልቃል። መኪና ያለው ሰው በፈለገው ጊዜ ይገባል፤ እርስዋ ግን ወይ ሰልፍ ትይዛለች፤ ወይ ከደመወዝዋ ቈርሳ ለኮንትራት ታክሲ ትከፍላለች። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋ ነው፤ ነገር ግን ከባቡሩ ወርዶ ወደ ሩቅ መንደር የሚገባ ሁሉ ሌላ መጓጓዣ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሣበት ጊዜ ሱቅ ከሚዘጋበት ጊዜ ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲርቅ፤ ሰዓቱም በየፌርማታው ተጽፎ እንዲታይ ማድረግ ያሻል። የማታ ገበያ የሚደምቀው፤ ገዢውም ሻጩም በሰላም ቤቱ እንደሚገባ ሲያምን ነው።