የባለጋራ ምስክርነት

በክርክር ጊዜ ብዙዎቻችን የምናጨበጭበው ለእውነቱ ሳይሆን ለወገናችን ነው። እንዲህ ያለው ጭብጨባ ተናጋሪውን ያስደስት እንደ ሆነ እንጂ ለነገሩ እውነትነት ማስረጃ አይሆንም። ይህን ችግር በስሌት ለማቃለል የተሞከረበትን አንድ ዘዴ እንመልከት።

ዛሬ ኤክስ የሚባለው ትዊተር በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ «በርድዎች» የተባለ ሙከራ ጀመረ። በ2022 ስሙ ተለውጦ «ኮሚዩኒቲ ኖትስ» ተባለ፤ የማኅበረሰብ ማስታወሻ እንደ ማለት ነው። በ2025ም የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በአሜሪካ ተመሳሳይ ዘዴ መሞከር ጀመረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ተሳታፊ አሳሳች ጽሑፍ ያየ እንደ ሆነ፣ ማረሚያ ማስታወሻ ጽፎ ምንጩን ያያይዛል። ሌሎችም ማስታወሻው ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። እስከዚህ ድረስ ተራ ምርጫ ይመስላል፤ ልዩነቱ አቈጣጠሩ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱ ሰው ከዚህ በፊት የሰጠውን ድምፅ መርምሮ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማና እንደሚለያይ ያሰላል። ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ድምፅ የሚሰጡ መቶ ሰዎች ቢደግፉት እንኳ፣ ማስታወሻው በዚህ ብቻ ለሕዝብ አይወጣም። ዘወትር የማይስማሙ ሰዎች በአንድነት «ይጠቅማል» ሲሉ ግን ከጽሑፉ ሥር ይታያል። ከዘመድ ምስክርነት ይልቅ የባለጋራ ቃል ይከብዳል እንደ ማለት ነው። ቀመሩና የድምፁ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለ ሆኑ፣ የሚጠራጠርና ሙያው ያለው ሰው ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ሁለት ዋና ጕድለቶች አሉት። አንደኛ፣ ይዘገያል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ወሬ ግን እስኪነጋ አይጠብቅም። ማስታወሻው በሚወጣበት ጊዜ ብዙው አንባቢ ጽሑፉን አንብቦ፣ አምኖ፣ ለሌላውም አውርቶ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ስምምነት ማለት እውነት ማለት አይደለም። ወገኖች እጅግ በተራራቁበት ጉዳይ ላይ፣ ትክክለኛው ማስታወሻ የሁለቱን ወገን ድጋፍ አጥቶ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ይህም የሚሆነው እርማት ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልግበት ቦታ ነው።

እንግዲህ መሣሪያው እውነትን አያውቅም። የሚያውቀው ከወገኑ ወጥቶ የመሰከረ ሰው መኖሩን ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ የሚያወጣው ማስታወሻ የለም። እኛም በስብሰባችን ባለጋራችን እውነት ሲናገር እጃችንን ለማንሣት ካልደፈርን፣ ኮምፒዩተር አይደፍርልንም።