አካል ጉዳተኛ ባለበት ቤት ምንጣፍ እንዴት ይታጠባል?

አካል ጉዳተኛ በሚኖርበት ቤት ምንጣፍ ሁለት ዓይነት አደጋ ያመጣል። አንደኛው በውስጡ ከከረመው ቆሻሻ የሚመጣ ነው፤ ከአቧራው፣ ከሻጋታው፣ ከፈሰሰበት ሽንት። ሁለተኛው ደግሞ ቆሻሻውን ለማስወገድ ከሚደረገው ሥራ ራሱ ይወለዳል፤ ካልደረቀ ውኃ፣ በደንብ ካልተለቀለቀ ሳሙና፣ ከቦታው ከተነሣ ወንበር፣ በር ላይ ከተጋደመ ገመድ። ስለ መጀመሪያው የጽዳት ድርጅቶች ማስታወቂያ አብዝቶ ይናገራል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው።

ምንጣፍ በጸጉሮቹ መካከል አቧራ አምቆ የመያዝ ጠባይ አለው። በአቧራው ውስጥ የመንገድ አፈር፣ የጨርቅ ብናኝ፣ ከሰው ገላ የሚረግፍ ደቃቅ ቆዳ፣ ያንንም ቆዳ እየተመገቡ የሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች ይገኛሉ። የአቧራ ተባዮች ርዝመታቸው ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን አይለዩም። ዝምድናቸው ከሸረሪትና ከመዥገር ጋር ቢሆንም አይናከሱም፣ ደምም አይጠጡም። አስምና አለርጂ የሚቀሰቅሰው በዋናነት የኩሳቸው ብናኝ ነው። የሚያስፈልጋቸውን ውኃ የሚያገኙት ከአየሩ እርጥበት በመሆኑ፣ የቤቱ አየር አንጻራዊ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ እየተመናመኑ ይሄዳሉ። ታጥቦ ሳይደርቅ የቆየ ምንጣፍ ግን ይመቻቸዋል።

ይህ አቧራ ሁሉንም ሰው እኩል አያገኝም። ቆሞ የሚሄድ ሰው አፍንጫው ከወለሉ ርቆ ነው የሚውለው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ሕፃን የሰውነት እንቅስቃሴ ልምምዱን የሚሠራው ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ነው። ዊልቸር ያላገኘ ወይም ቤቱ ለዊልቸር የማይመች ሰው በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳል፤ በኢትዮጵያ ከተሞችም ሆነ ገጠር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንገቱ ላይ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት የደረሰበት ወይም ጡንቻው የሚደክም ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ አጥብቆ መሳል ያዳግተዋል፤ ሌላው ሰው በአንድ ሳል የሚያስወጣው አክታ እሱ ደረት ውስጥ ይቀራል።

በሰው እጅ እየተገፋ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ አቧራ መምጠጫ የፈለሰፈው ሰው ራሱ የአስም ሕመምተኛ ነበር። ጄምስ መሪ ስፓንግለር በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ካንተን ከተማ የአንድ ሱቅ ጽዳት ሠራተኛ ሲሆን፣ ምንጣፉን ሲጠርግ የሚነሣው አቧራ ሳሉን እንደሚያብስበት ጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በ1907 የአየር ማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ መሣሪያ ሠራ። በ1908 የባለቤትነት ማረጋገጫ አገኘበት፤ መብቱንም ዊልያም ሁቨር ገዛው። ከዚያ በፊት፣ በ1901፣ እንግሊዛዊው ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የሠራው መምጠጫ እጅግ ትልቅ ስለነበር በፈረስ ጋሪ ተጭኖ ደጅ ይቆምና ቱቦው በመስኮት ይገባ ነበር። የስፓንግለር የትራስ ልብስ አቧራውን ይዞ ቢያስቀርም ደቃቁን ብናኝ መልሶ ወደ ክፍሉ ሳያሳልፍ አልቀረም። የዛሬ ርካሽ ማሽኖችም ይህን ያደርጋሉ። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ የተገጠመለት ማሽን ግን 0.3 ማይክሮን የሚያክል ብናኝን ሳይቀር 99.97 በመቶውን ይይዛል፤ አስም ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ለማሽን ገንዘብ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። እንዲያም ሆኖ መጥረጊያው ራሱ አቧራ ያነሣልና ሕመምተኛው በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ቢቆይ ይሻላል።

ዊልቸር በሚገባበት ቤት ምንጣፍ የሚቆሽሸው በሌላ መልክ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ጎማ ግን አይወልቅም። የመንገዱ ጭቃ፣ የአስፋልቱ ዘይት፣ የግቢው አሸዋ ሁሉ ከበር እስከ አልጋ፣ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ባሉ ሁለት መስመሮች ላይ ይከማቻል። አሸዋው በጎማ እየተጫነ የምንጣፉን ጸጉር ከሥሩ ይፈገፍገዋል። ስለዚህ የሠለጠነ ሠራተኛ ውኃ ከማፍሰሱ በፊት በእነዚህ መስመሮች ላይ ደጋግሞ በደረቁ ይመጥጣል። ምንጣፍ ውስጥ ካለው ቆሻሻ አብዛኛው ደረቅ ብናኝ ነው፤ ሳይመጠጥ ውኃ ካገኘው ጭቃ ሆኖ ወደ ታች ይሰርጋል። ቤተሰቡም በር ላይ ሻካራ መርገጫ አንጥፎ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ቢወለውል ከአንድ ትልቅ እጥበት የማይተናነስ ጥቅም ያገኛል።

የምንጣፉ ዓይነት ራሱ የጽዳቱን ሥራ ያቀላል ወይም ያከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መለኪያ የምንጣፍ ጸጉር ቁመት ከ13 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከሥር የሚነጠፈው ስፖንጅ ጠንካራ እንዲሆን፣ ጠርዙም ወለሉ ላይ እንዲጣበቅ ያዛል። ሕጉ የተጻፈው ለሕዝብ መገልገያ ቤቶች እንጂ ለግል መኖሪያ አይደለም፤ ልኩ ግን ለመኖሪያም ይሠራል። ወፍራምና ለስላሳ ምንጣፍ ላይ ዊልቸር መግፋት አሸዋ ላይ ጋሪ እንደመግፋት ነው። በዚህ ላይ ምንጣፉ በውኃ ሲረሰርስ የጀርባው ሙጫ ይለቅና ያብጣል፣ ይሸበሸባል። ያቺ ትንሽ ጉብታ ለክራንች ጫፍና እግሩን እየጎተተ ለሚሄድ ሰው መሰናክል ናት። አጣቢው ዕቃውን ሰብስቦ ከመሄዱ በፊት ጠርዙንና መጋጠሚያውን በእጁ እየዳበሰ ማየት ይኖርበታል።

ሰው አፍሮ የማይናገረው፣ ለባለሙያ ግን ሳይነገር የማይታለፍ ጉዳይ ሽንት ነው። ካቴተር ያፈስሳል፣ ከረጢቱ ይሞላል፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው መጸዳጃ ቤት ሳይደርስ ይቀድመዋል። እንደ ፈሰሰ በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ ማስመጠጥ እንጂ ማሸት አይገባም፤ ማሸት ያሰፋዋል። የመጀመሪያው ውኃ ቀዝቃዛ ይሁን፤ በተለይ ደም ወይም ምግብ ከተቀላቀለበት ሙቀት ፕሮቲኑን ከጸጉሩ ጋር ያጣብቀዋል። ለሽንትና ለመሰል ነገሮች የተሠሩ ኢንዛይም ያለባቸው ማጽጃዎች ይሸጣሉ። እነዚህ የሚሠሩት በላዩ ላይ እርጥብ ሆነው ሲቆዩ ነው፤ ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ገንዘብ መጣል ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ከምንጣፉ ሥር ያለው ነው። ላዩ ላይ የመዳፍ ያህል የሚታየው እድፍ ስፖንጁ ውስጥ ሰፍቶ ይገኛል። ላዩ ታጥቦ ሲደርቅ የሥሩ እርጥበት በጸጉሩ እየተሳበ ይወጣና በሳምንቱ እድፉም ሽታውም ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱ «አላጠቡልኝም» ይላል፤ ድርጅቱ «አጥበናል» ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። መፍትሔው ውኃና ማጽጃ እስከ ስፖንጁ ድረስ አስገብቶ በኃይለኛ መምጠጫ መልሶ ማውጣት ነው፤ ካልሆነም ምንጣፉን ገልጦ የተበከለውን ስፖንጅ ቆርጦ መቀየር ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው እጁን ወደ በረኪና ይሰዳል፤ አደጋ አለው። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይፈጥራል፤ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ያስነሣል። ጤነኛ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሮጦ ይወጣል፤ ከአልጋ መነሣት ያልቻለ ሰው ግን እዚያው ይተነፍሰዋል። ምንጣፉ የሱፍ ከሆነ በረኪናው ሱፉን ራሱን ይበላዋል።

በኢትዮጵያ ስጋጃ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቶ በኦሞና በብሩሽ ይታሻል፣ በብዙ ውኃ ተለቅልቆ አጥር ላይ ይሰጣል። በበጋ ይህን የሚያህል እጥበት የለም፤ ጀርባው ሳይቀር ይለቀለቃል፣ ፀሐዩም አያሳፍርም። በክረምት ግን ስጋጃው ቀናት ሳይደርቅ ይቆይና ሽታ ይዞ ወደ ቤት ይገባል። በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች በኪራይ አፓርታማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተጣበቀ ምንጣፍ ተነሥቶ አይወጣም። ለዚህ የተለመደው ዘዴ መጀመሪያ ማጽጃ መርጨት፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ሙቅ ውኃ በግፊት እየረጩ ወዲያው መልሶ መምጠጥ ነው። ብዙ አምራቾች በየ12 እስከ 18 ወሩ እንዲህ እንዲታጠብ ይመክራሉ፤ ዊልቸር የሚመላለስበት መስመር ግን ያን ያህል አይቆይም።

የአጣቢው ችሎታ የሚለካው በሚረጨው ውኃ ሳይሆን መልሶ በሚያወጣው ነው። እርጥብ ሆኖ የቀረ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። በደንብ የተመጠጠና ማራገቢያ የተደረገበት ምንጣፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይደርቃል። በነዚያ ሰዓታት እርጥቡን የረገጠ ጎማና የክራንች ጎማ ወደ ሴራሚክ ወለል ሲሻገር ያንሸራትታል። ከወገቡ በታች ስሜት የሌለው ሰው እርጥብ ምንጣፍ ላይ ቢቀመጥ እርጥበቱን አያውቀውም፤ ቆዳው ይለሰልስና ለመዳን ወራት ለሚፈጅ የመቀመጫ ቁስል ይጋለጣል። ስለዚህ ቤቱን በአንድ ቀን ሙሉ ማጠብ አይመከርም። የመኝታ ክፍሉና ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ ደረቅ ሆነው ሌላው ይታጠባል፤ ቀጥሎ ይለዋወጣሉ።

ሳሙናም እንደ ውኃው ነው። ያልተለቀለቀ ሳሙና ምንጣፉ ውስጥ ሲደርቅ የሚያጣብቅ ይሆንና አቧራ ይስባል፤ ታጥቦ በወሩ የጠቆረ ምንጣፍ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። በእጁ የሚድህ ሰው መዳፉና ጉልበቱ ይቆጣበታል። መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውኃ ብቻ አንድ ዙር እንዲለቀለቅ መጠየቅ መብት ነው። ሽቶ ያለበት ማጽጃ ለአስም ሕመምተኛ ጠላት ነው፤ መልካም ሽታ ንጽሕናን አያረጋግጥም። ጽዳቱ ሲያልቅ ዕጣን ማጨስም ለዚያ ቀን ቢቀር አይከፋም።

ከማሽኑ ውጪ ያለው ጥንቃቄ ከሰው ሰው ይለያያል። ዓይነ ስውር ሰው ቤቱን በልቡ ነው የሚያውቀው፤ ጠረጴዛው ጥቂት ወደ ግራ ቢቀር ጉልበቱን ይመታዋል። ዕቃ ከመነሣቱ በፊት ፎቶ ማንሣት ወይም ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ማድረግ ቀላል ነው። መስማት የተሳነው ሰው ማሽኑ ከኋላው ሲመጣ አይሰማምና ሠራተኛው ከፊት ታይቶ በምልክት ማስታወቅ ይገባዋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የማሽኑን ጩኸት ላይችለው ይችላል፤ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ቢነገረው፣ በዚያ ሰዓትም ከቤት ቢወጣ ይሻላል። ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ባለበት ክፍል ተቀጣጣይ ፈሳሽ ለእድፍ ማስለቀቂያ አይገባም።

በተለይ ኤሌክትሪኩ ያስፈራል። ሠራተኛው ሶኬት ሲፈልግ ያገኘውን ነቅሎ የራሱን ይሰካል፤ የተነቀለው የኦክስጅን ማሽን ወይም ቁስል የሚከላከለው የአየር ፍራሽ ሊሆን ይችላል። ማጠቢያ ማሽኖች ብዙ ኃይል ስለሚስቡ በአንድ መስመር ላይ ከሕክምና መሣሪያ ጋር ከተሰኩ ማቋረጫው ወርዶ ሁለቱም ይጠፋሉ። መስመሩን መለየት፣ የማይነቀለውንም ሶኬት በፕላስተር ማሸግ ከሥራው በፊት የሚደረግ ነው። ዊልቸርም እንደ ሶፋ ተገፍቶ ጥግ አይቆምም፤ ባለቤቱ እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት አይርቅም። የሚጠየቀውም እሱ ራሱ ነው፤ «የት ላድርግልዎት?» መባል ያለበት ለባለቤቱ እንጂ አጠገቡ ለቆመው ዘመድ አይደለም።

ወጪውን የሚሸፍነው እንደ አገሩ ይለያያል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2013 በሕግ ባቋቋመችው የአካል ጉዳት መድን ሥርዓት፣ ሰውየው በጉዳቱ ምክንያት መሥራት ያልቻለውን የቤት ጽዳት እንደ ፍላጎቱ ልትሸፍን ትችላለች። በኢትዮጵያ ሸክሙ የቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ ምንጣፉ ይኑር ወይስ ይነሣ የሚለው ጥያቄ ቶሎ ይመጣል። ከባድ አስም ወይም ተደጋጋሚ የሽንት መፍሰስ ካለ የሚወለወል ወለል ይሻላል። ቶሎ ቶሎ ለሚወድቅና የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ግን ምንጣፍ አወዳደቁን ያለዝባል፣ ብርዱንም ይከላከላል። ትንንሽ ታጣፊ ምንጣፎች ለማጠብ ቢመቹም ጠርዛቸው ይጠልፋል፣ ከሥራቸውም ይንሸራተታሉ። ምንጣፉ የሚነሣው ሽንት ዘልቆት ከሆነ ከሥር ያለው ጣውላ ወይም ሲሚንቶ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ሽታ በሚያፍን ቀለም ሳይቀባ አዲስ ነገር አይነጠፍበትም።