ቡናማው በር ሲከፈት

«እማዬ፣ በሩን ስትከፍተው ቀለሙ ከየት መጣ?»

ልጄ ይህን የጠየቀችኝ ከሲኒማ ቤት እንደተመለስን፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ተደግፋ ነው። ያየነው እ.ኤ.አ. በ1939 ለሕዝብ የቀረበውን «የኦዝ ጠንቋይ» ነው። ቤት ውስጥ በታብሌት ደጋግማ አይታዋለች፤ የዋና ገጸ ባሕርይዋ የዶሮቲ በር ግን አንድም ቀን አስጠይቋት አያውቅም። ዛሬ በትልቁ ስክሪን ስታየው ክንዴን ጨምድዳ ያዘችው።

አንዱ ምክንያት ጨለማው ነው። በሩ በቀለም ወደተሞላው የኦዝ ምድር እስኪከፈት ድረስ፣ የካንሳሱ ታሪክ 20 ደቂቃ ያህል በቡናማ ብቻ ይሄዳል። አዳራሹ ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለ ዓይን ቡናማውን ይለምደዋል፤ ዓለም ሁሉ እንዲያ ይመስለዋል። ታብሌት ስናይ ግን ከጎኑ ቀይ ሶፋ አለ፣ አረንጓዴ ብርጭቆ አለ። ዓይን ቀለም የሚናፍቅበት ፋታ አያገኝም።

በሩ ራሱስ? ብዙ ሰው ቡናማው ፊልም ተቆርጦ ባለቀለሙ የተቀጠለው እዚያ ላይ ይመስለዋል። ቅጥሉስ አለ፤ ግን ከበሩ መከፈት በፊት ነው። ዶሮቲ ወደ በሩ ስትራመድ የምናየው ምስል ከመነሻው በቀለም ካሜራ የተቀረጸ ነው። የቤቱን ውስጥ ቡናማ ቀብተውታል። በሩን የምትከፍተውም ዶሮቲን የተጫወተችው ጁዲ ጋርላንድ ሳትሆን ቡናማ ቀሚስ የለበሰች ተተኪዋ ቦቢ ኮሼይ ናት። ጀርባዋን ሰጥታን በሩን ትከፍታለች፤ ካሜራው ወደ ውጭ ሲያልፍ እሷ ከዓይናችን ትሰወራለች፤ ጋርላንድ ሰማያዊ ዳማ ቀሚሷን ለብሳ ብቅ ትላለች። ቀለም ቅብ፣ ሁለት ቀሚስ፣ ሁለት ሴት፤ በቃ። በሲኒማ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥብኝ ብልሃት የለም።

ልጄ አልረካችም። «ካሜራውስ ቀለሙን ከየት አመጣው?»

ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው፤ ካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ቴክኒከለር የሚባለው የቀለም ፊልም ዘዴ ካሜራ ሦስት ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን ባንድ ጊዜ ያሽከረክር ነበር። በሌንሱ የገባውን ብርሃን ፕሪዝም ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ወገን አረንጓዴውን ብቻ ወደሚመዘግብ ፊልም ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ ፊትና ኋላ ተጣብቀው ወደሚያልፉ ሁለት ፊልሞች፤ የፊተኛው ሰማያዊውን፣ የኋለኛው ቀዩን ያስቀራል። ብርሃን እንዲህ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ስለሆነ ስቱዲዮውን በመብራት ያጥለቀልቁት ነበር፤ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ያልፍ ነበር። አንበሳውን የተጫወተው በርት ላር በዚያ ሙቀት የእውነተኛ አንበሳ ቆዳ ለብሶ ነው የሠራው። ባየሁት ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሕትመት ነው። ተነሥቼ የፕሪንተራችንን ክዳን ከፈትሁላት፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫ። ቴክኒከለርም ከሦስቱ ፊልሞች እንደ ማኅተም የሚያገለግሉ ሦስት የጄላቲን ቅጂዎች ያወጣል። የቀዩን መዝገብ ውሃ ሰማያዊ፣ የአረንጓዴውን ማጀንታ፣ የሰማያዊውን ቢጫ ቀለም ያጠጣቸዋል። ከዚያ በአንድ ፊልም ላይ አንዱን በሌላው ላይ ያትማቸዋል። ማኅተም ሁለቴ ሲመታ ጽሑፉ እንደሚደረብ ሁሉ፣ ሦስቱም ልክ ካልገጠሙ የሰው ከንፈር እንኳ ጠርዙ ይደበዝዛል።

ዛሬ ያየነው ጥራትም የተገኘው ይህን ግጥምጥም በማስተካከል ነው። አሮጌ ፊልም በሙቅ ውሃ እንደታጠበ ሱፍ ይሰበሰባል፤ ሦስቱ ደግሞ እኩል አይሰበሰቡም። ባለሙያዎች ዋናዎቹን ኔጋቲቮች ለየብቻ ወደ ኮምፒውተር አስገብተው፣ ምስሎቹን እንደገና አንዱን በሌላው ላይ አስተካክለው ደረቧቸው። ታብሌቱ ላይ እንደ ጭቃ የሚታየው የእርሻ ማስፈራሪያው ፊት የጆንያ ሽመና እንደሆነ ያወቅነው ዛሬ ነው። ምስሉ ወደ ካሬ ተጠግቶ ግራና ቀኙ ጥቁር መቅረቱም ጉድለት አይደለም፤ ያኔ የፊልም ቅርጹ ያ ነበር።

ለቀለሙ ሲባል የተለወጠ ነገርም አለ፤ የዶሮቲ ጫማ። የታሪኩ ደራሲ ፍራንክ ባውም እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው መጽሐፍ ጫማዋ የብር ነው፤ ቀይ ያደረጉት ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው፣ ለቴክኒከለር ሲሉ። አንዱ ጥንድ ዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይገኛል። ቀረብ ብሎ ላየው ጠቆር ያለ ቀይ ነው። የጊዜው ደማቅ ቀይ ስክሪን ላይ ብርቱካናማ ይሆንባቸው ስለነበር ሆን ብለው አጨለሙት።

ልጄ ግን ጫማውን ትታ አሁንም በሩ ጋ ነበረች። «ያቺ ቡናማ የለበሰችው ሴትዮ፣ ፊቷ አይታይም?»

«እዚያ ላይ አይታይም፤ ጀርባዋና እጇ ብቻ ነው።»

ጥቂት አሰበችና «ቅዳሜ እንደገና እንሂድ፤ እጇን ማየት እፈልጋለሁ» አለችኝ።