ከቡናው ሽያጭ ለኪስ ስንት ይቀመጥ?

በጅማ ዞን በጎማ ወረዳ ክረምቱ አልፎ የቡናው ፍሬ መቅላት ሲጀምር የአጋሮ ከተማ መልክ ይለወጣል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት እሸት ቡና የጫኑ አህዮችና መኪኖች ወደ መፈልፈያ ጣቢያዎች ይጎርፋሉ፤ ሻይ ቤቶች እስከ ምሽት ድረስ ሰው አያጡም፤ ባለ ሱቆች ቆርቆሮውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የእጅ ስልኩን በር ላይ ያወጣሉ። ዓመቱን ሙሉ በመኮትኮት፣ በማረምና ጥላ ዛፉን በመንከባከብ የደከመው ገበሬ የድካሙን ዋጋ በእጁ የሚጨብጠው በነዚህ ወራት ነው።

ችግሩም የሚጀምረው በነዚሁ ወራት ነው። በከተማ የሚሠራ ደመወዝተኛ በየወሩ መጨረሻ ስለሚከፈለው አንዱን ወር ቢያበላሽ በሚቀጥለው ወር ያርመዋል። የቡና ገበሬ ግን ደመወዙ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ የጠፋው ብር እስከሚቀጥለው ጥቅምት ተመልሶ አይመጣም። በመሆኑም ከሽያጩ ገንዘብ ውስጥ ለግሉ ማለትም ለሻዩ፣ ለጫቱ፣ ለሲጋራው፣ ለስልክ ካርዱ፣ ወዳጅ ለመጋበዝ ስንት ብር ሊያወጣ እንደሚገባ አስቀድሞ መወሰን ለቡና ገበሬ ከማንም ይበልጥ ያስፈልገዋል። የኪስ ገንዘብ ሲባል የተማሪ ልጆች ነገር የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በቡና አካባቢ ያለውን የክረምት ችግር በቅርብ የተመለከተ ሰው እንዲህ አይልም።

በዚሁ ወረዳ ከግማሽ ሄክታር ጥቂት የሚበልጥ የቡና ማሳ ያላቸው፣ የአምስት ልጆች አባት የሆኑ አንድ ገበሬ ያጋጠማቸው ይህንን ያስረዳል። እኝህ ገበሬ በአካባቢያቸው አባካኝ ተብለው የሚታወቁ ሰው አይደሉም። መጠጥ አይቀምሱም፤ ማሳቸው የተኮተኮተ፣ ቤታቸው ቆርቆሮ ክዳን ነው። ሆኖም በ2016 ዓመተ ምሕረት መኸር ያገኙት የቡና ገንዘብ ሚያዝያ ላይ አለቀ። ሐምሌ ሲገባ ለቤት የሚሆን በቆሎ መግዣ በመጥፋቱ፣ ለቡናው አረምም የቀን ሠራተኛ ማስገባት ስላስፈለገ፣ ከአንድ ነጋዴ 15,000 ብር ወሰዱ። ውሉ ቀላል ነበር። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እሸት ቡናውን ኪሎውን በ30 ብር ሂሳብ ሸጡለት፤ መኸር ሲደርስ 500 ኪሎ ሊያስረክቡ ነው።

መኸሩ ደረሰ፤ የቡና ዋጋም ወጣ። ገበሬው 500 ኪሎ ቀይ እሸት መዝነው ሲያስረክቡ የተቀበሉት ዋጋ ጎረቤታቸው በዚያው ቀን በመፈልፈያ ጣቢያው ከሸጠበት ዋጋ ግማሹን እንኳን አልሞላም። በአንድ ቀን ብቻ ከ15,000 ብር በላይ አጡ ማለት ነው። ነጋዴው አላታለላቸውም፤ ሁለቱም በፈቃዳቸው ተዋውለዋል። በሐምሌ ወር ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘብ የሌለውን ሰው የሚያገኘው በዚህ ዓይነት ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ባለቤታቸው አንድ ጥያቄ አነሡ፤ የአምናው ገንዘብ የት ገባ የሚል። ገበሬው ለቤት መዋሉን ተናገሩ። ባለቤታቸው ግን የቤቱን ወጪ እሳቸው ራሳቸው ስለሚያውቁት በዚህ አልረኩም። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ደብተርና እርሳስ ይዛ ተቀመጠችና አባቷ እያስታወሱ ሲናገሩ ትጽፍ ጀመር።

ገበሬው በሳምንት ሁለት ቀን ገበያ ይወጣሉ። ከቡናው ሽያጭ በኋላ ባሉት 13 ሳምንታት አንድ ገበያ ሲወጡ ጫቱ፣ ሻዩ፣ የሞተር ብስክሌት ኪራዩና ለወዳጅ ግብዣው ተደምሮ ከ400 ብር አያንስም ነበር። ይህ ብቻ 10,400 ብር ሆነ። ገንዘቡ እየሳሳ ሲሄድ በቀሩት 39 ሳምንታት ወጪውን በገበያ ቀን ወደ 120 ብር አወረዱት፤ ይህም 9,360 ብር ነው። ልጅቱ ደምራ 19,760 ብር ብላ ስታነብ አባትዮው ደብተሩን ተቀብለው ዳግመኛ አስደመሯት። ድምሩ ያው ነው። በሐምሌ ካፈሯቸው 15,000 ብር ይበልጣል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከጠቅላላው ድምር ይልቅ ወጪው የተከፋፈለበት መንገድ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ገንዘብ የወጣው በዓመቱ ሩብ ውስጥ ነው። ገበሬው በነዚያ 13 ሳምንታት የሚያወጡትን የሚወስነው የሚያስፈልጋቸው ነገር ሳይሆን ኪሳቸው ውስጥ ያለው ብር ነበር። ኪስ ሲሞላ 400፣ ሲጎድል 120፣ ሲያልቅ ብድር።

ባልና ሚስቱ የ2017ቱን ገንዘብ እንዴት እንደመደቡት ማየቱ ይጠቅማል። የነጋዴው ዕዳ ከተነሣ በኋላ ከቡናው 120,000 ብር ያህል በእጃቸው ገባ። አከፋፈሉን የጀመሩት ከመጨረሻው ወር ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ እስከሚቀጥለው መኸር ድረስ ቤቱ የሚበላውንና የሚያስፈልገውን አሰቡ፤ 54,000 ብር። ለአረም፣ ለኩትኳቶና ለለቀማ ሠራተኛ 18,000 ብር፤ ለልጆች ትምህርትና ልብስ 12,000 ብር፤ ለመሬት ግብር፣ ለዕድርና ለጤና መድን መዋጮ 6,000 ብር አስቀመጡ። ይህ 90,000 ብር ነው። ቀጥሎም ለክፉ ዘመን ብለው 15,000 ብር ለዩ። የቀረው 15,000 ብር ለሁለቱ የግል ወጪ ሆነ። ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 7,500 ብር፣ ለ50 ሳምንታት ሲመደብ በሳምንት 150 ብር ይደርሳል።

ገበሬው በመጀመሪያ የእኩል ክፍፍሉን አልተቀበሉትም ነበር። ገበያ የሚወጣውና ከሰው ጋር የሚቀመጠው ወንድ ስለሆነ የባለቤታቸው ድርሻ ሊያንስ ይገባል የሚል አሳብ ነበራቸው። ሴትየዋ እንቁላሉንና አቮካዶውን ሸጠው ያገኙትን ሁሉ ለጨውና ለዘይት ያውሉት እንደነበር፣ ለራሳቸው አንድ ሻሽ ለመግዛት እንኳን ፈቃድ ይጠይቁ እንደነበር ሲያስረዱ ክርክሩ ቆመ። ቡናውን የሚለቅሙት፣ አልጋ ላይ የሚያሰጡትና የሚያገላብጡት እሳቸውና ልጆቻቸው መሆናቸው ደግሞ የታወቀ ነው።

በገጠር ስለ ቁጠባ በሚሰጥ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር ገበሬው ለሻይና ለጫት ምንም እንዳያወጣ የሚል ነው። ምክሩ በአፍ ይጥማል እንጂ አይሠራም። በገበያ ቀን ከጎረቤቱ ጋር ሻይ የማይጠጣ ገበሬ የቡና ዋጋ ወሬም አይሰማም፤ ሠራተኛ ሲያስፈልገውም ማን እንደሚገኝ አያውቅም። ለራሱ ምንም ያልፈቀደ ሰው ሁለትና ሦስት ሳምንት ይታገሥና በአንድ ቀን ከለቤቱ የተለየውን ገንዘብ ይነካል፤ አንዴ ከተነካ ደግሞ ሂሳቡ ፈርሷል። 150 ብር ትንሽ ብትሆንም ማንም የማይጠይቅባት፣ ባለቤቷ እንደፈለገ የሚያደርጋት ገንዘብ መሆኗ ሌላውን ገንዘብ ትጠብቃለች።

ለምን 15,000 ብሩ ለክፉ ዘመን ተቀመጠ፤ ለኪስ ቢጨመር ምን ነበረበት የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ያለው በቡና ዋጋ ታሪክ ውስጥ ነው። በሐምሌ 1967 በብራዚል የወረደው ውርጭ የዚያን አገር ቡና ስላወደመ በ1969 የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ። በ1994 ደግሞ በኒው ዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ ከግማሽ ዶላር በታች ወረደ፤ በዚያ ዘመን ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ጥቂት አይደለም። በ2017 ይኸው ዋጋ የ1969ን ክብረ ወሰን ሰብሮ ከ4 ዶላር አለፈ። ይህን ሁሉ የጎማ ገበሬ አላመጣውም፤ ሊያስቀረውም አይችልም። የሚችለው የኪሱን ወጪ በደጉ ዓመት ዋጋ አለመለካት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ቤተሰብ ሂሳብ የቡናው ገቢ በሩብ ብቻ ቢቀንስ 90,000 ብር ይሆናል፤ ለቤቱና ለማሳው ይበቃል፤ ለኪስ ግን አንድ ሳንቲም አይተርፍም። በዚያን ዓመት የኪሱን 15,000 የሚሸፍነው የአምናው ተቀማጭ ነው። ያውም ለአንድ ዓመት ብቻ።

የብሩ መብዛትም ያታልላል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ገበሬው የሚቆጥረው ብር በዝቷል፤ የልብሱ፣ የዘይቱና የማዳበሪያው ዋጋም አብሮ ወጥቷል። አምና ከያዘው ሁለት እጥፍ ብር የያዘ ሰው ሁለት እጥፍ ሀብታም የሆነ ይመስለውና የሻይ ቤቱን ወጪ በዚያው ልክ ያሳድጋል።

ያረጀ ቡና ያለው ገበሬ ደግሞ ሌላም የሚያስበው አለ። ቡናው ተጎንድሎ አዲስ ግንድ አብቅሎ እስኪያፈራ ሁለት ዓመት ያህል ከዚያ ማሳ ገቢ የለም። ብዙዎች የጉንደላን ጥቅም እያወቁ የሚፈሩት ለዚህ ነው። ማሳውን በየዓመቱ በከፊል እየጎነደሉ መሄድ የሚቻል ቢሆንም በዚያ ጊዜ ከኪስ ድርሻ ላይ መቀነስ ግድ ይላል።

ገንዘቡ ተመድቦ ከአንድ ኪስ ውስጥ ቢቀመጥ ምደባው ከወረቀት አያልፍም። የተጠቀሰው ቤተሰብ ለክፉ ዘመን የለየውን ገንዘብ በቁጠባና ብድር ማኅበር ያስቀመጠ ሲሆን፣ ከቡናው የተወሰነውን በእሸቱ ሳይሸጥ አድርቆ በጀንፈል አቆይቶታል። በአልጋ ላይ በሚገባ የደረቀና እርጥበት በማይነካው ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ጀንፈል ለወራት ይቆያል፤ በአንድ የገበያ ቀንም እንደ ብር ከኪስ አይመዘዝም። በእጅ ስልክ የሚቀመጠው ገንዘብ ግን እምብዛም አላስተማመናቸውም። ሌባ አይነካውም፤ ነገር ግን ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳለ በጣት ነክተው ሊያወጡት ይችላሉና ሴትየዋ አልወደዱትም።

ሁሉም እንደታሰበው ሄደ ለማለት አይቻልም። ገበሬው በጥር ወር ለአንድ ዘመዳቸው ሠርግ ሲሉ የአምስት ሳምንት ድርሻቸውን በአንድ ቀን ጨረሱ። ባለቤታቸው ከራሳቸው ድርሻ አላበደሯቸውም። ገበሬውም አምስት ሳምንት ገበያ ሲወጡ ሻዩን ሰው ከጋበዛቸው ጠጡ፤ ካልጋበዛቸው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይህ ነገር በመንደሩ ለጊዜው መሳቂያ አድርጓቸው ነበር።

በሐምሌ 2017 ያው ነጋዴ እንደ ልማዱ ፍሬውን ሊያይ ወደ መንደሩ መጣ። በዚያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ሁለት ከረጢት በቆሎና ያልተሸጠ ጀንፈል ነበር። ገበሬው ቡና አስፈልተው ነጋዴውን ተቀበሉት፤ ስለ ዝናቡና ስለ ፍሬው አያያዝ ሲጫወቱ ቆዩና ነጋዴው ወደ ሚቀጥለው ቤት ሄደ።