የደምን ኦክሲጅን በኤሌክትሪክ የለካው ኬሚስት

በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ካቶድና አኖድ ሲነሣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የመዳብ ሰልፌት የያዘ ብርጭቆና በውስጡ የቆሙት ሁለት ዘንጎች ናቸው። ፈተናው ካለፈ ነገሩ እዚያው ይቀራል። በዚህ እትማችን እነዚያው ሁለት ዘንጎች የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ሥራ ላይ እንዴት እንደዋሉ ለማሳየት እንሞክራለን። ሥራው የአሜሪካዊው ባዮኬሚስት የሌላንድ ክላርክ ነው።

ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1918 በሮቸስተር ከተማ ተወለደ፤ ዶክትሬቱንም በ1944 እዚያው ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ አገኘ። ከዚያ ወደ ኦሃዮ ክፍለ ግዛት ሄዶ፣ ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚያገለግል፣ ኦክሲጅንን በአረፋ መልክ በደም ውስጥ የሚያሳልፍ መሣሪያ ሠራ። ጽሑፉን ለመጽሔት ሲልክ ግን ተመለሰበት። ለምን ቢሉ፣ ወደ በሽተኛው የሚመለሰው ደም ምን ያህል ኦክሲጅን እንደያዘ መለካት አልቻለም ነበር። እኛ እዚህ ላይ ከመጽሔቱ ጎን እንቆማለን። ኦክሲጅን ያጣ አንጎል እኮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጎዳል፤ «ደህና ይሠራል» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በውሃ የተሟሟ ኦክሲጅን በፕላቲኒየም ካቶድ ላይ ኤሌክትሮን እንደሚቀበል ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር። ያስቸገረው ደሙ ነው። ፕሮቲኑና ሴሎቹ ፕላቲኒየሙ ላይ እየተለጠፉ ንባቡን ያበላሹታል። በ1954 ክላርክ የፕላቲኒየሙን ካቶድና የብሩን አኖድ ከጨው ውሃ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ጫፋቸውን በስስ ፖሊኤቲሊን ጋረደው። ፖሊኤቲሊን ማለት ፌስታል የሚሠራበት የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ኦክሲጅን ሰርጎ ይገባል፤ ፕሮቲኑና ሴሉ ውጭ ይቀራል። ከ0.6 እስከ 0.8 ቮልት ሲሰጠው እያንዳንዱ የኦክሲጅን ሞለኪውል ካቶዱ ላይ 4 ኤሌክትሮን ይቀበላል። ብዙ ኦክሲጅን ካለ ብዙ ኮረንቲ፣ ጥቂት ካለ ጥቂት ኮረንቲ ያልፋል፤ ቆጣሪውን ማንበብ ብቻ ነው። ሥራው በ1956 ታተመ።

በ1962 ከቻምፕ ላየንስ ጋር ሆኖ አንድ ነገር ጨመረበት። በኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለውን ኤንዛይም አኖረ። እዚህ ላይ ተማሪ የሚስተው ነገር አለ፦ ስኳሩ ራሱ ኮረንቲ የሚያመነጭ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ኤንዛይሙ ግሉኮስን ሲያገኝ በአካባቢው ያለውን ኦክሲጅን ይፈጃል፣ ኦክሲጅኑ ሲያንስ ኮረንቲው ይወርዳል። ስለዚህ የስኳሩን መጠን የሚነግረን ከኮረንቲው የጎደለው ነው። ኤንዛይሙ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ስለሚያወጣ፣ በኋላ እሱኑ መለካት ተቻለ፤ በ1975 የሎው ስፕሪንግስ ኢንስትሩመንት የተባለው ኩባንያ መሣሪያውን ለገበያ አቀረበ።

ታዲያ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ራሱ ከፍ ዝቅ ይል የለም ወይ? ይላል፤ የዘዴው ድካም እዚህ ላይ ነው። በ1984 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ኤሌክትሮኑን የሚያመላልስ ፌሮሲን የተባለ ውህድ በኦክሲጅን ምትክ ተጠቀሙ፤ እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ የስኳር መለኪያም ከዚህ ተወለደ። ዛሬ የስኳር ሕመምተኛ ጣቱን ወግቶ ጠብታ ደም የሚያስነካው ወረቀት መሰል ቁራጭ በአብዛኛው በውስጡ ኤሌክትሮድ አለው።

ክላርክ ሌላም ሞክሯል። በ1966 ከፍራንክ ጎላን ጋር፣ አይጦች ኦክሲጅን በጠገበ የፍሎሮካርቦን ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍቀው ሲተነፍሱ አሳይቷል! በ2005 የራስ ሽልማትን አገኘ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አረፈ።

የኦክሲጅን ኤሌክትሮዱ ከሆስፒታል ወጥቶ ዓሣ ማርቢያ ኩሬና ፍሳሽ ማጣሪያ ድረስ ዘልቋል። ከመምህራን አንዱ መሣሪያውን ቢያገኝ ግን ይህን ልብ ይበል፦ ኤሌክትሮዱ የሚለካውን ኦክሲጅን ራሱ ይበላዋል። ውሃው ጸጥ ካለ ጫፉ አጠገብ ያለው ኦክሲጅን አልቆ ንባቡ እየወረደ ይሄዳል፤ ስለዚህ ንባቡ እስኪወሰድ ድረስ ውሃውን ማማሰል ያስፈልጋል።