ደኅናው አውራ ዶሮ ወዴት ሄደ?

ከወልድያ ተነሥቶ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ወደ ቆቦ የሚወርድ መንገደኛ፣ ጉዞው ለትንሣኤ በዓል ሦስት አራት ቀን ሲቀረው የሆነ እንደ ሆነ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሳያየው የማያልፈው አንድ ነገር አለ። እግራቸው በገመድ ታስሮ፣ ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ፣ በሴቶችና በልጆች እጅ ተንጠልጥለው ወደ ገበያ የሚሄዱ ዶሮዎች ናቸው። ቀረብ ብሎ ላስተዋላቸው ሰው አብዛኞቹ አውራዎች ናቸው፤ ከአውራም መካከል ቀዩ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለው፣ በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ድርብ የሆነው ይበዛል። ገዢም የሚሻማው ይህንኑ ነው።

እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ግን ስለ ተሸጠው ሳይሆን በቤት ስለ ቀረው ነው። የቀረው ማን ነው? ወይ ገና ያልደረሰው፣ ወይ ከሲታው፣ ወይ ገበያ ወጥቶ ገዢ አጥቶ የተመለሰው ነው። ለመጪው ዓመት ጫጩቶች አባት የሚሆነውም ይኸው ነው። የራያ ገበሬ በማሽላው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢሠራ ጎረቤቱ ይስቅበት ነበር። ገበሬው ጅጉርቲውን ወይም ደጋሊቱን ገና ሳያጭድ በማሳው መካከል እየተዘዋወረ፣ ፍሬው የሞላውንና አገዳው የጠነከረውን መርጦ ለዘር ያኖራል እንጂ፣ ደኅና ደኅናውን ሸጦ እንክርዳዱን አይዘራም። ታዲያ በማሽላው ይህን ያህል ዐዋቂ የሆነ አገር በዶሮው ለምን ተዘናጋ? ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ዶሮ በዚህ አገር የትናንት እንግዳ አይደለችም። የመጀመሪያ ትውልዷ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ቢሆንም፣ በትግራይ ውስጥ ከአዲግራት አቅራቢያ መዝበር በተባለው ስፍራ የጥንት ነገር መርማሪዎች ቆፍረው ያገኙት የዶሮ አጥንት፣ ዕድሜው ሲመረመር ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በአፍሪካ ምድር ዕድሜያቸው በቀጥታ ተለክቶ ከታወቀው የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። እንግዲህ የሰሜን ባላገር ዶሮን ሲያረባ ሦስት ሺሕ ዓመት ሊሞላው ነው ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራም በኢትዮጵያ 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮ እንደሚገኝ ታውቋል፤ ከዚህም የሚበዛው የሐበሻ ዶሮ ነው።

በባላገር ቤት ዶሮ የሴት ሀብት ናት። በሬው የባል ነው፤ ማሽላው የቤተሰብ ነው፤ የእንቁላሉ ገንዘብ ግን ማንንም ሳታስፈቅድ እመቤቲቱ የምታዝበት ነው። ጨውና ቡናው፣ ሳሙናው፣ የልጅ ደብተርና እርሳስ ከዚያ ይወጣል። ዕድል የቀናት እንደ ሆነ እንቁላሉ ጫጩት፣ ጫጩቱ በግ፣ በጉ ደግሞ ውሎ አድሮ ጊደር ይሆናል። ዶሮ መግዣ የሌላት ድኻ እንኳ ከጎረቤቷ አንዲት ቄብ በእርቢ ተቀብላ፣ ጫጩቶቹን እኩል ተካፍላ ከባዶ እጅ ትነሣለች። የ1966ን እና የ1977ን ዓ.ም. ድርቅ ያየ የወሎ ሰው ይህ መሰላል ምን ማለት እንደ ሆነ ሰው እንዲነግረው አይፈልግም። በቅርቡም በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ዳግመኛ ተመለሰ። ጦር ባለፈበት መንደር ሁሉ ከከብት አስቀድማ የምታልቀው ዶሮ ናት፤ ሰላም ሲሆን አስቀድማ ወደ ቤት የምትመለሰውም እርሷው ናት፤ በሬ መግዣ ባይገኝ የቄብ መግዣ ይገኛልና። ስለዚህ በቆቦ የዶሮ ዘር ደከመ ማለት የመሰላሉ የመጀመሪያ ርከን ላላ ማለት ነው።

አሁን ወደ አውራው እንመለስ። ሴቲቱ ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም፤ ይህን የማያውቁ የከተማ ሰዎች ብዙ ናቸው። ያለ አውራ የተጣለ እንቁላል ለመብላት ከሌላው አያንስም፤ ታቅፋው ብትከርም ግን አይፈለፈልም። አውራው አንድ ጊዜ ከተገናኛት በኋላ ዘሩ በሆዷ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አለፍ ብሎ ይቆያል። ከዚያ ወዲያ የሚጣለው እንቁላል መካን ነው።

በመንደር ያለው ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አምስትና ስድስት ሴት ዶሮ ካላቸው ቤቶች መካከል ብዙዎቹ የራሳቸው አውራ የላቸውም፤ በጎረቤት አውራ ይጠቀማሉ። አጥር ለዶሮ አጥር አይደለምና አውራው ከግቢ ግቢ እየዞረ የሁሉንም ቤት ያገለግላል። እስቲ አራት ጎረቤታሞች አሉ እንበል፤ ደኅናው አውራ የአንዷ ብቻ ነው። በዓል ሲደርስ ይህቺ እመቤት አውራዋን ብትሸጠው ገንዘቡ የእርሷ ነው፤ ጉዳቱ ግን የአራት ቤት ነው። ባትሸጠው ደግሞ ጥቅሙን አራት ቤት ይካፈለዋል፤ ጥሬውን የምታበላው፣ ጭልፊትና ሸለምጥማጥ የሚወስድባት እርሷ ብቻ ናት። እንዲህ ከሆነ ሸጠችው ብሎ የሚፈርድባት ማን ነው? እኔ አልፈርድባትም። የልጇ ደብተር ከጎረቤት ጫጩት ይቀድማል።

መድኃኒቱም ከዚያው ከመንደሩ ልማድ ውስጥ ይገኛል። ደቦ፣ ዕቁብና ቅሬ የሚያውቅ ሕዝብ፣ አራቱ ቤቶች በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እንቁላል አዋጥተው ለባለ አውራዋ ቢሰጡ፣ እርሷም አውራውን ለአንድ ዓመት ላለመሸጥ ቃል ብትገባ ምን ይከብደዋል? ዓመቱ ሲሞላ አውራውን ራቅ ካለ መንደር አውራ ጋር መለዋወጥ ነው፤ ያለዚያ ከገዛ ልጆቹ ጋር እየተገናኘ ዘሩ ይደክማል።

የትኛው ይቅር ለሚለው፣ በአንድ ቀን ከተፈለፈሉት ወንድማማቾች መካከል በአራት ወሩ ቀድሞ የገነነውን መምረጥ ነው። ነገር ግን መልኩን ብቻ አይቶ መምረጥ አይበቃም፤ እናቱን ማወቅ ያስፈልጋል። አውራ ዶሮ እንቁላል አይጥልም፤ ይሁን እንጂ የእናቱን እንቁላል ጣይነት ለሴቶች ልጆቹ ያወርሳል። ብዙ የምትጥል፣ ጫጩቶቿንም ከጭልፊት አስጥላ የምታሳድግ ዶሮ ወንድ ልጅ ሲኖራት እግሩ ላይ ቀይ ክር ማሰር ነው፤ በዓል ቢመጣም ያ ክር ያለበት አይነካም።

ይህ ባዶ ምክር እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከወለጋ የመጣውን የሆሮ ዶሮ ወስደው፣ የውጭ ዘር ሳይቀላቅሉበት፣ በየትውልዱ ደኅና ደኅናውን ብቻ እየመረጡ አራቡት። ከጥቂት ትውልድ በኋላ የዶሮዎቹ ክብደትም የእንቁላላቸውም ቁጥር ከፊተኛው እጅግ በልጦ ተገኘ። ሊቃውንቱ የሠሩት ሥራ ገበያ በየበዓሉ የሚሠራውን መገልበጥ ብቻ ነው፤ እነርሱ ደኅናውን ለዘር አስቀሩት፣ እኛ ደኅናውን ለወጥ እናወጣዋለን።

ለመሆኑ ገበያው የሚወደው ሁሉ ለቆላ ደኅና ነውን? ይህም ያጠራጥራል። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏንም ከገላዋ ታርቃለች። ሙቀቱ ሲያይልባት መብላት ትቀንሳለች፤ እንቁላሏም ያንሳል። በግንቦትና በሰኔ በቆቦ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። መላጣ የምትባለው፣ አንገቷ ላባ የሌለው ዶሮ ግን ሙቀቱን በአንገቷ ስለምታስወጣ ከሌሎቹ የተሻለ ትቋቋመዋለች፤ ይህም በሌሎች ሞቃት አገሮችም ተመርምሮ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ ብዙ ገዢ መልኳን አይወድም። ጥቁሩም እንዲሁ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ መላጣዋን ገበያ ባይወዳትም ከቤት ማስቀረት ብልኅነት ነው፤ እንዲያውም ገዢ የማይሻማባት መሆኗ ለባለቤቲቱ ይቅናት!

አውራ ማስቀረት ሲባል ደግሞ ማብዛት ማለት አይደለም። ለስምንት ወይም ለዐሥር ሴት ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። ሁለት ጎረምሶች በአንድ ጠባብ ግቢ ሲሆኑ ደም እስኪፋሰሱ ይጣላሉ፤ ሴቶቹም በመካከል የጀርባ ላባቸው ይነጫል። ሴቶቹም ቢሆኑ ያለ ሹመት አይኖሩም። አንድ የኖርዌይ ሰው፣ ሼልደሩፕ ኤበ የተባለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲመለከት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንደ ጻፈው፣ በመንጋ ውስጥ ማን ማንን እንደምትነክስ የታወቀ ተራ አለ፤ የበላይቱ ሁሉን ትነክሳለች፣ የመጨረሻይቱ ከሁሉ ትነከሳለች። አዲስ ዶሮ ገዝቶ በቀን ብርሃን በመንጋው መካከል የሚለቅ ሰው ይህን ሥርዐት በአንድ ጊዜ ያፈርሳል። ማታ ሌሎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ከጎናቸው ብትሰቀል ጠቡ ይቀላል። ጥሬም በአንድ ስፍራ ተከምሮ የተሰጠ እንደ ሆነ የመጨረሻይቱ ጦሟን ታድራለች፤ በተን አድርጎ መስጠት ይሻላል።

ስለ መታቀፍ ብዙ መናገር ለባላገር ሴት ምጥን ለእናት እንደ ማስተማር ነው። የሐበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 እንቁላል ጥላ መታቀፍ ያምራታል፤ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ እንዲህ እያደረገች ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትሰጣለች። ከውጭ የመጡት፣ እነ ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ገብተው ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተሠራጩት፣ ደኅና ምግብ ካገኙ በዓመት 200 ያህልና ከዚያም በላይ ይጥላሉ። በወሎም የኮምቦልቻው የዶሮ ማባዣ ማዕከል እንዲህ ያለውን ዘር ሲያሠራጭ ቆይቷል። ነገር ግን ሌግሆርን መታቀፍ አታውቅም፤ ጭራም ቤተሰብ አታስተዳድርም። የአውድማ ርጋፊ ለቅማ፣ ታቅፋ፣ ፈልፍላ፣ ከጥርኝ ሸሽታ የምትኖረው የሐበሻዋ ናት።

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ለመታቀፍ የሚቀመጠው እንቁላል በቆላ ሙቀት ከዐሥር ቀን በላይ ቢቆይ ይበላሻል፤ በጤፍ ወይም በሌላ ቀዝቃዛ እህል ውስጥ ቀብሮ ማኖር የቆየ ብልኀት ነው፤ ከሁሉ የቆየውን ለወጥ አውጥቶ አዲሱን ማስታቀፍ ደግሞ የተሻለ ነው። ሾጣጣው እንቁላል ወንድ፣ ክቡ ሴት ይወጣዋል የሚባለው ግን ከንቱ ነው፤ የጫጩቱ ወንድነትና ሴትነት ገና በእናቱ ሆድ ሳለ ይወሰናል፤ የእንቁላሉ ቅርጽ ምንም አይናገርም። ሁለተኛው የወሩ ነገር ነው። አንድ የሐበሻ አውራ ለገበያ እስኪደርስ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ይፈጅበታልና፣ በመስከረም የተፈለፈለ ለትንሣኤ፣ በጥር የተፈለፈለ ለዘመን መለወጫ ይደርሳል። በሐምሌና በነሐሴ የሚፈለፈለውን ብርዱ፣ ጭቃውና በሽታው ይፈጀዋል።

በሽታ ካልን ፈንግልን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። ፈንግል የገባበት መንደር ዶሮ ክንፏን ትጥላለች፣ አረንጓዴ ታስቀምጣለች፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ በሳምንት ውስጥ ቆጡ ባዶ ይሆናል። የዓለም ሊቃውንት ኒውካስል ይሉታል፤ በእንግሊዝ አገር በዚሁ ስም በሚጠራው ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ ታወቀ ነው። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ መከተብ ግን ይቻላል። ክትባቱም በደብረ ዘይት በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲቲዩት ይሠራል፤ ከእነዚህም አንዱ ሙቀትን ደኅና አድርጎ የሚችል፣ በዐይን ላይ አንድ ጠብታ በማድረግ የሚሰጥ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? ብልቃጡ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ አምስት ዶሮ ያላት ሴት ለብቻዋ ልትከፍለው አትችልም። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ማለዳ፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ ተሰብስቦ ካላስከተበ አይሆንም። በየጥቂት ወሩም መደገም አለበት። ከዚህ የሚከፋው ሌላ ልማድ አለ። አንዲቱ ዶሮ ማንቀላፋት ስትጀምር ባለቤቲቱ የቀሩትን ይዛ ወደ ገበያ ትሮጣለች። ከምታልቅብኝ ብላ ነው፤ እውነቷን ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ገበያ የተነካኩት ዶሮዎች በሽታውን ይዘው ወደ ዞብል እግርም፣ ወደ ዋጃም ይበተናሉ። ስለዚህ ከገበያ የተገዛች ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ መዋልና ማደር ይገባታል። በበዓል ሰሞን ገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰውም አውራ እንዲሁ ነው።

የሌሊት ሰዓትን ለቆቦ ሰው፣ ለቤተ ክርስቲያን ተሳላሚውም ለሱሑር ተነሺውም፣ ሲነግር የኖረ አውራ ዶሮ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በቅርብ ዓመታት እንደ ደረሱበት፣ አውራ ዶሮ ንጋትን የሚያውቀው ብርሃን አይቶ ሳይሆን በገላው ውስጥ ባለ ሰዓት ነው፤ ብዙ አውራዎች በአንድነት ሲኖሩም አስቀድሞ የሚጮኸው በሹመት የበላይ የሆነው ነው፤ የቀሩት እርሱን ጠብቀው በየተራቸው ይከተላሉ። አለቃው ከመካከላቸው ሲወሰድ ከእርሱ በታች ያለው ቀዳሚ ይሆናል። በትንሣኤ ማግሥት ሌሊት በራያ መንደሮች ተኝቶ የሚያዳምጥ ሰው የመጀመሪያውን ጩኸት ይሰማል፤ የሚጮኸውም ገበያ ወጥቶ ገዢ ያጣው ነው።